ቅዳሜ የአባታችን ተዝካር ነው፤ ወንድሜ አረቄ ካቆመ ደግሞ አራት ወሩ

የጋሼ_ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ጭንቅ ሲለኝ ልጻፍ አልኩ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ታላቄ ነው፣ 38 ዓመቱ። ግንበኛ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው የሚባልለት። አረቄ የጀመረው በብርድ ሰበብ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለምታውቁ መንገር አያስፈልገኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው "ማሞቂያ" የሚላት አንድ መለኪያ አለች። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ ጠርሙስ ሆነች። መጨረሻ ላይ ሳይጠጣ ቱንቢ መያዝ አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠጣ ይረጋል። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። እሱ እናታችን ቤት ገባ።

ከአራት ወር በፊት ሆስፒታል ተኝቶ አቆመ። ከዚያ አባታችን አረፈ። ቅዳሜ 40 ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እሁድ የእድራችን ዳኛ መጡና "በዚህ ተዝካር አረቄ አይቀዳም፣ ጠላውም ይቀነስ፣ ሻይና ቀሪቦ ይብዛ" አሉ። ማንም አልለመናቸውም፣ ከራሳቸው ነው። አጎቶቼ ከሰላ ድንጋይ መጥተው ነበር፣ ብድግ አሉ። "የሰው መሳቂያ ልታደርጉን ነው ወይ? ለአንድ ሰው ተብሎ የሟች ክብር አይዋረድም። እሱ ቅዳሜን ገጠር ዘመድ ጋ ይዋል።" ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። የአባቱን ተዝካር! የበኩር ልጅ እኮ ነው። ምንም አላለም። ወጥቶ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። እስኪመሽ ፈለጠ። ለተዝካሩ ቀርቶ ለክረምቱም የሚተርፍ እንጨት ነው ጓሯችን ያለው አሁን።

እናንተ ጋ የእድር ዳኛ፣ ቄስ፣ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማቸው ምን አደረጉ? የሠራውንም ያልሠራውንም ንገሩኝ። ዳኛውን ልደግፍ ወይስ ከዘመድ ጋር እንዳልጣላ ዝም ልበል?

እመብርሃን_ታውቃለች

ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ። እኔ የምለው ጸበል ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይ ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ ይያዝ። ሆስፒታል ምን ያደርጋል? የአጎቴ ልጅ በግዝት ነው ያቆመው። መምሬ አንዴ ገዘቱት፣ አበቃ።

ሲስተር_ነኝ

በጸበል አልከራከርም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን "ሆስፒታል ምን ያደርጋል" የሚለውን ዝም ብዬ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አረቄ ማቆም ቡና እንደ ማቆም አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቁርጥ ካደረገ ሰውነቱ ያምጻል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥና ላብ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይሄኛው ይገድላል። ሐኪም ጋ ከሆነ ማረጋጊያ ይሰጠዋል፣ ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም ነው፣ በየቀኑ እየተቀነሰ ይቆማል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፣ ጠጪ ምግብ ይረሳልና። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያልፋል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ ሰው አመጡልን። ካቆመ 3ኛ ቀኑ ነው። እጁን በገመድ አስረውታል። ሲፈታ ከጋቢው ላይ ጉንዳን ይለቅም ጀመር። አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት፣ በሁለት ጣቱ። ጉንዳን የለም። ያመጡት ሽማግሌ "ሊለቀው ሲል ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሱ ተብለን ነበር" አሉኝ። አንድ ቀን ቢታገሡ ኖሮ ሬሳ ይዘው ሊመጡ ይችሉ ነበር። ተርፏል። አሁን ሳገኘው "ጉንዳኗ" እያለ ነው የሚጠራኝ።

ስለዚህ ሽማግሌ ለሆናችሁ ሁሉ፣ "ዛሬውኑ ጣል" ብላችሁ ከማስማላችሁ በፊት ጠይቁት። በቀን ስንት ይጠጣል? ጠዋት ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል? አዎ ካለ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። ጸበሉ አያመልጥም፣ መድኃኒቱን እየወሰደም ይጠመቃል። እኛ የምንጠቀምበት ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ አለ፣ ከ40 የሚያዝ። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ አደጋ አለው ማለት ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይችላል።

የጋሼ ልጅ፣ ወንድምሽ 4 ወር ከሞላው ይህን አልፎታል። የሱ ፈተና አሁን ሽታው፣ ሰዉና ሐዘኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ከኔ ይልቅ ያ ዳኛችሁ ይጠቅሙታል።

የእድር_ጸሐፊ

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። 63 ዓመቴ ነው፣ የምጽፈው የልጅ ልጄ እያገዘችኝ ነው። የጻፍኩትን ሳትቀንስ እንድትልክ አስምያታለሁ።

በእድራችን 22 ዓመት ጸሐፊ ነኝ። የሚያኮራም የሚያሳፍርም አውቃለሁ። የሚያሳፍረውን ላስቀድም። አንድ አባላችን በመጠጥ ተይዞ 5 ወር ወርኃዊ ሳይከፍል ቀረ። መተዳደሪያ ደንባችን 3 ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ሰረዝነው። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ሞቱ። ድንኳን አልወጣም። ጥሩንባ አልተነፋም። ሬሳውን ይዞ የሄደው ከአራት ጎረቤት ጋር ነው። እኔ በመስኮት አየኋቸው። ደንቡ ትክክል ነበር፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ መስኮት ጋ ቆሜ ነው ያለሁት።

በኋላ ዳኛ ተለወጠ። አዲሱ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ትምህርትም ብዙ የለው፣ ግን ሰው ያውቃል። ሰውየውን ቤቱ ሄዶ "ወርኃዊህን ሠርተህ ትከፍላለህ" አለው። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሰጠው። ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ፣ ሳህን፣ ሁሉን። ጉባኤው ጮኸ። "ለሰካራም ቁልፍ!" ተባለ። እኔም ከጮኹት አንዱ ነበርኩ።

ጩኸታችን ከንቱ አልነበረም። በ7ኛው ወር አራት ብረት ድስት ሸጦ ጠጣ። ጉባኤ ተጠራ። አሁንስ ምን ይላል ብለን ዳኛውን አየነው። "የድስቱን ዋጋ በየወሩ እየከፈለ ይተካል። ቁልፉን እስኪጨርስ እኔ እይዛለሁ፤ ሲጨርስ እመልስለታለሁ። ከእድር የሚወጣ ከሆነ እኔም አብሬ እወጣለሁ" አለ። ከፈለ። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀበት። ቁልፉ ተመለሰለት። ዛሬም እሱ ጋ ነው። ከ140 አባወራ ዕቃ አንድ ማንኪያ ጠፋ ብሎ የሚያመው ሰው እሱ ብቻ ነው።

በለቅሶ ቤት አረቄ ማቅረብን ያን ጊዜ ነው የከለከልነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ የደገፈው ወጪው ስለከበደው ነው። ይሁን፣ በየትም በኩል ይምጣ።

ዝም_ብዬ_ላንብብ

ጥሩ ታሪክ ነው ጋሼ፣ ግን ሁሉ ዳኛ እንደናንተ አይደለም። እኛ ሰፈር ወጣቱን "ጠጣህ" ብሎ ሸንጎ የሚያቆመው ሽማግሌ ከሸንጎው ሲነሳ በቀጥታ የሚገባው ጠላ ቤት ነው። በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። አረቄ ቤት በር ላይ መታወቂያ የጠየቀ ሰው አይታችኋል? ከሰንበቴ ጀምሮ እስከ ሠርግ የምናስጠጣው እኛው፣ ሲወድቅ የምንመክረውም እኛው።

የአረቄ_ሻጭ_ልጅ

መድረሻው ታውቆኛል፣ አሁን ወደ አረቄ ሻጭ ልትዞሩ ነው። ቀድሜ ልናገር።

እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያስተማረችኝ። ብቅልና ጌሾ ጠንስሳ፣ ድፍድፉን ጥዳ፣ በሸምበቆ እያወረደች፣ በኩበት ጭስ። እሳቱ ከበዛ ያራል፣ ካነሰ አይወርድም፣ ስለዚህ ከፊቱ መነሳት የለም። ዓይኗ ዛሬ ቀን ቀን እንኳ በደንብ አያይም። ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት ሴት ምን ትሽጥ? ዘመድ ምክር እንጂ ዱቄት አልሰጣትም።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። የሰፈሩ ዳኛ አንድ ቀን መጡና ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ቀዳችላቸው፣ አልጠጡም። "እገሌ ሊያቆም እየታገለ ነው። እዚህ ሲመጣ አትቅጂለት። ቡና አፍልተሽ ስጪው፣ የቡናውን እኔ እከፍላለሁ" አሏት። አልሰደቧትም፣ ቤቱ ይዘጋ አላሉም። እናቴ ሰውየው ሲመጣ ቡና ሰጠችው። ተቆጣ፣ ስኒውን ሰበረ፣ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ለቡናው መጣ። ዳኛው ለቅሶ በወጣ ቁጥር እንጀራ እንድትጋግር ለእናቴ ያሳዝዙ ጀመር። አረቄውን ጨርሳ አልተወችም፣ አልዋሽም፣ ግን ከሳምንት ሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ወረደች። ከሻጯ ጋር ሳትነጋገሩ ጠጪውን ብቻ ብትይዙት ነገ ሌላ ጠጪ ትይዛላችሁ።

የ6_ዓመት_ሰው

ስሜን አልጽፍም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ብዙዎቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ። ጠጪ ነበርኩ። ዳግም የሚባለውን፣ ሁለቴ የወጣ አረቄ ነበር የምጠጣው፣ 45 በመቶ አልኮል ገደማ ያለው፣ ቢራ 5 ገደማ ነው፣ እናንተው አስሉት። በባዶ ሆድ፣ ጠዋት።

ከላይ ግዝት የተባለውን ላንሳ። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ አልክድም። እኔን ግን ሊገድለኝ ነበር። እናቴ ነፍስ አባቴን ለመነቻቸውና ለ1 ዓመት ገዘቱኝ። ዓቢይ ጾም ገባ፣ 55ቱንም ቀን ጨረስኩ። ሰው ሁሉ "ጀግና" አለኝ። በፋሲካ ማግስት አማቴ ቤት አንድ መለኪያ ቀመስኩ። በቃ። ግዝት አፍራሽ ሆንኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መርገጥ ፈራሁ። መንገድ ላይ መምሬን ካየሁ ቅያስ እገባለሁ። ደግሞስ ከፈረሰ ወዲያ አንድ ብጠጣ፣ ጋን ብጠጣ ምን ልዩነት አለው? 2 ዓመት እንዲሁ ጠጣሁ።

አንድ ቀን እሳቸው ቤቴ መጡ። በሰው ፊት አይደለም፣ መሸትሸት ሲል፣ ብቻቸውን። "ፈትቼሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባልደረቀ ጭቃ ላይ ግድግዳ አቆምኩ" አሉኝ። ከዚያ "ለነገ ብቻ ቃል ስጠኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥተህ ታየኛለህ" አሉ። መጀመሪያ ግን ሐኪም ጋ ልከውኛል፣ የሲስተርን ነገር በራሴ አይቼዋለሁ። ከወጣሁ በኋላ መጣሁ። "ለነገስ?" አሉኝ። ተግሣጽ የለም፣ ምክር የለም፣ ያቺ ጥያቄ ብቻ። አንዳንድ ቀን የግቢውን መጥረጊያ ያቀብሉኛል። እንዲህ እንዲህ ስንል 6 ዓመት ከ3 ወር ሆነን። አሜሪካን አገር በ1935 ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት ማኅበር አለ፣ በየቦታው ይሰበሰባሉ፣ የቤተሰብ ስም አይጠራሩም፣ እነሱም የሚሉት "ለዛሬ ብቻ" ነው። መምሬ ይህን የሰሙ አይመስለኝም።

የጋሼ ልጅ፣ ወንድምሽን እንዳታርቁት። ገጠር የተላከ ቀን ይጠጣል፣ እጄን እቆርጥልሻለሁ። ሥራ ስጡት፣ እጁ የሚያዝበት። ባዶ እጅ ብርጭቆ ይፈልጋል። ከጎኑ የሚያውቅ ሰው ይቁም። ደግሞ ከዘመድ ሁሉ የምትጠነቀቂው አጎቶችሽን አይደለም። አንድ ደግ ሽማግሌ ይመጣና "ለአባትህ ነፍስ አንዴ ቅመስ" ይለዋል። ይቺን ቃል ነው መጠበቅ። እምቢ ቢል አባቱን የናቀ ይመስለዋላ።

በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የመንዝ_ባና

አንድ ነገር ልጨምር፣ አደባባይ አታውጡት። እኛ ጋ አንድ ሊቀመንበር በዓመቱ ጉባኤ ላይ ማይክ ይዞ "እገሌ መጠጥ ካቆመ 3 ወሩ ነው፣ ቁም እስቲ፣ አጨብጭቡለት!" አለ። ቆመ። ተጨበጨበ። ለበጎ ብሎ ነው፣ አልፈርድበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጁ ሱቅ ሲገባ "ዛሬስ?" ይሉታል፣ ሲያስነጥስ አፉን ያሸቱታል። በወሩ ጠጣ። ሲጠይቁት "ከሁለት መቶ ዓይን አንድ ጠርሙስ ይሻላል" አለ አሉ።

ሮቢት_ሰፈር

እኛ ጋ ቆላ ነው፣ ነገሩ ከጫት ይጀምራል። ከምሳ በኋላ ቅጠል፣ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ፣ ጠዋት ዞረ ድምር። ጫት ብቻውን ሲቆም እንደ አረቄ አያንፈራግጥም። ድብርቱ፣ እንቅልፉና ዱካኩ ነው መልሶ የሚጎትት። በ2013 አጣዬ ያን ያህል ከተቃጠለች ወዲህ ደግሞ በዚህ መስመር ሌሊት የማይተኛ ወጣት በዝቷል። ለመተኛት ነው የሚጠጣው። ይህን ሳይጠይቁ "ሰነፍ ትውልድ" ማለት ቀላል ነው።

የኛ ሸኽ ያደረጉት ትንሽ ነገር ነው። ሐራም ነው ብለው ብቻ አልተዉትም፣ እሱን ስንሰማ ነው ያደግነው። የቃሚው ሰዓት ከዙሁር በኋላ ነው አይደል? ልክ በዚያ ሰዓት የመስጊዱን አጥር ሥራ ጀመሩ። ድንጋይ የሚሸከም ጠፍቶ አይደለም፣ ሰዓቱን ፈልገው ነው። የሰፈሩ ክርስቲያን ልጆችም ይመጡ ነበር፣ ሻይና ዳቦ ስላለ። አጥሩ በሁለት ወር ያልቅ ነበር፣ አንድ ዓመት ፈጀ። አንዱን ወገን "ጠሟል" እያሉ አፍርሰው አሠሩን። የጠመመ ነገር አልነበረውም።

የእድር_ጸሐፊ

እኚህን ሸኽ ባገኛቸው እጃቸውን እስም ነበር።

ዲያቆን_ነኝ

ስለ ተዝካሩ በአጭሩ። ለነፍስ የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ ለድኻ የሚሰጠው ነው። አረቄ ካልተቀዳ ተዝካር ጎደለ የሚል ሥርዓት የለም። አጎቶችሽ ጋ ዳኛው ብቻቸውን አይሂዱ፣ መምሬን ይዘው ይሂዱ። ዘመድ ለዳኛ ይከራከራል፣ ለነፍስ አባቱ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የጋሼ_ልጅ (ሐሙስ)

ሁላችሁንም አነበብኩ። ጋሼ የእድር ጸሐፊ፣ የመስኮቷን ነገር ለዳኛችን ድምፅ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ሁላችንም እንዲህ ያለ መስኮት አለን" አሉኝ።

ዛሬ መምሬና ዳኛው አንድ ላይ አጎቶቼን አነጋገሩ። አረቄ አይገባም፣ ጠላ ይኖራል፣ ወንድሜ ይኖራል ተባለ። ትንሹ አጎቴ አኩርፎ ወጣ። ዳኛው ወንድሜን ጠርተው "ዕቃ የምትረከብልኝ አንተ ነህ፣ የኔ ዓይን ደክሟል" አሉት። ዓይናቸው ምንም አልሆነም።

እመብርሃን_ታውቃለች

እህቴ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ ቸኩያለሁ። የአጎቴን ልጅ ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩት። ለካ ከግዝቱ በፊት 8 ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ተኝቷል። ለቤተሰብ አልተነገረም። አፍሮ ነው። ቅዳሜን በጸሎት አስባችኋለሁ።

የጋሼ_ልጅ (እሁድ ማታ)

አለፈ። ደክሞኛል፣ ግን ቃል ገብቻለሁና ልጻፍ።

ጠዋት ወንድሜ ከእድሩ ዕቃ ቤት ዕቃውን ተረክቦ ፈረመ። 120 ሳህን፣ 150 ብርጭቆ፣ 6 ብረት ድስት፣ 2 ድንኳን። ደብተሩን ከብብቱ አላወጣም። እስክሪብቶውን እንደ ግንበኛ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የዋለው።

ትንሹ አጎቴ 4 ሰዓት ላይ ደረሰ። ከመኪናው 5 ሊትር ጀሪካን አወረደ። ሽታው ቀድሞት ገባ። ሁላችንም ደነዘዝን። ዳኛው ረጋ ብለው ሄዱ፣ ጀሪካኑን ተቀበሉት፣ "እግዜር ይስጥልን" አሉ፣ የእድሩን ደረሰኝ አወጡና ጻፉ። "1 ጀሪካን አረቄ፣ በአደራ የተቀመጠ፣ ሲሄዱ የሚመለስ።" ቆርጠው ሰጡት። ማኅተም ሳይቀር መትተውበታል። አጎቴ ደረሰኙን ይዞ ምን እንደሚያደርግበት ጨንቆት ቆመ። በኋላ ሲስቅ አየሁት። ጀሪካኑ ዳኛው ቤት ነው የዋለው።

የ6 ዓመት ሰው የነገረን ነገር ደግሞ ቃል በቃል ደረሰ። ከቀትር በኋላ የአባቴ የእርሻ ጓደኛ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ፣ በጣም የምንወዳቸው፣ ጠላ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ወደ ወንድሜ መጡ። "ልጄ፣ ለአባትህ ነፍስ አንዴ ቅመስ።" እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እያለቀሱ ነው። ወንድሜ ብርጭቆውን አየ። እኔ ወጥ ይዤ ከኋላ ነበርኩ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ሲነሳ አየሁ። እጁ ሄደ። መምሬ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ብርጭቆውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበሉና "የሱን ድርሻ እኔ እቀምስለታለሁ፣ ፍትሐቱንም የደገምኩ እኔ ነኝ" ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ጠላ እንደማይወዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌውም ወንድሜን አቅፈው አለቀሱ።

ወንድሜ ከዚያ ድንኳኑ ጀርባ ሄደ። እዚያ ጠዋት ጀምሮ ማንም ሳይጠራው ሳህን ሲያጥብ የዋለ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ግማሽ ሰዓት አጠቡ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም። ማታ ብቻ "ጌሾው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር" አለኝ።

ልጆቹ መጥተው ነበር። ሚስቱ አልመጣችም።

ሲስተር_ነኝ

እሰይ። የሚቀጥለው ሳምንት ነው ግን ከባዱ፣ እንግዳው ሁሉ ሲሄድና ቤቱ ጭር ሲል። ቀጠሮውን እንዳያሳልፍ፣ መድኃኒት ካለውም እንዳያቋርጥ። ዳኛው እንዳይጠፉበት ንገሪያቸው።

የጋሼ_ልጅ

አይጠፉም። ዛሬ ጠዋትም መጥተው ነበር፣ ዕቃ ሊረከቡ። ርክክቡ ግን አላለቀም። ወንድሜ አራት ጊዜ ቆጥሮ 118 ሳህን ነው ያለው። ዳኛው "ሁለት ሳህን ምን አላት፣ ተወው" ቢሉት "አልፈርምም" ብሎ ከቤት ቤት እየዞረ ነው። እስካሁን አልተመለሰም፣ ራቱ ቀዝቅዟል። ቅዳሜ እኛ ቤት የነበራችሁ፣ እባካችሁ ወጥ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እዩልን።

የአረቄ_ሻጭ_ልጅ

ጠርዙ ሰማያዊ ነው?

የጋሼ_ልጅ

አዎ!!

የአረቄ_ሻጭ_ልጅ

አንዱ እናቴ ጋ ነው። እንጀራ ስትጋግርላችሁ ውላ ፍርፍር ሰጥታችኋት ይዛ ገብታለች። ወንድምሽ አሁን በራችን ላይ ቆሞ "ሁለተኛውስ?" እያላት ነው፣ እሷ ደግሞ ቡና ካልጠጣህ አልሰጥህም ብላዋለች።